ባለ ሁለት ቀለሙ መስኮት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በሩ አጠገብ የቆማችሁትም ግቡ፤ ወንበር ያጣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጥ። ወሬው ረጅም አይደለም፣ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። የአንድ አሮጌ ቤት ነገር ነው፤ የአንድ ቤትና የአንድ ቀን።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እህትየዋ ከአልጋዋ ወረደች፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፣ ከዚያም የኮምፔርሳቶውን ግድግዳ በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ መታች። ከግድግዳው ወዲያ አልጋ ሲጢጥ አለ፤ ቀጥሎ ጉሮሮ ተጠረገ፤ ቀጥሎ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለና የመስኮቱ ቀኝ ክንፍ ተከፈተ። ያኔ እሷ ግራውን ክንፍ ሳበች። ጠዋቱ ለሁለቱም ገባላቸው። ደህና አደርክ የለ፣ ደህና አደርሽ የለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የነጋላቸው።

ለምን ብትሉ፣ ያ መስኮት የሁለት ሰው መስኮት ነው። የፎቁ ሳሎን ድሮ አንድ ትልቅ ክፍል ነበር፤ ወደ መንገዱ የሚያዩ አራት መስኮቶች ያሉት። አባታቸው ከሞተ በኋላ ወንድምና እህት ሳሎኑን በግድግዳ ለሁለት ከፈሉት። ግድግዳውን የሠራው የሰፈሩ አናጢ እንዴት አድርጎ እንደለካው እንጃ፣ በሁለት መስኮቶች መሃል ያርፋል ሲባል አንዱ መስኮት ወገብ ላይ አረፈ። ግራው ክንፍ ለእሷ፣ ቀኙ ክንፍ ለእሱ ደረሰ። የድሮ መስኮት ደግሞ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ ይደረባል፤ እዚህ የሚደረበው የእሱ ነው። ስለዚህ የእሱ ካልተከፈተ የእሷ አይከፈትም፤ ሲመሽ ደግሞ የእሷ ቀድሞ ካልተዘጋ የእሱ አይዘጋም። ጠዋት እሷ ታንኳኳለች፣ ሲመሽ እሱ ያንኳኳል። እሷ ክንፏን አረንጓዴ ቀባች፣ እሱ የራሱን ቡናማ ቀባ። ከመንገድ ቀና ብሎ ላየው ሰው መስኮቱ ፊቱን በግማሽ የታጠበ ይመስላል።

ተጣልተዋል እንዳይባል ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሰላም ናቸው እንዳይባል አይነጋገሩም። ወጥ ቤቱ ከኋላ በኩል አንድ ነው፤ እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል። ቀድሞ ውኃ ያፈላ ሰው ግማሹን በማንቆርቆሪያው ውስጥ ለሌላው ትቶ ይሄዳል። እሱ ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ምድር ቤት ሱቅ አለው። እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ያለው በዚያች ግማሽ መስኮት ሥር ነው። አንድ ጊዜ የሸሚዙ አንገት ተበልቶ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ብታየው፣ አውርዳ አንገቱን ገልብጣ ሰፍታ መልሳ አሰጣችው። በሳምንቱ ቆሞ የከረመባትና ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የጣለችው የጠረጴዛ ሰዓቷ ቀጭ ቀጭ ሲል አገኘችው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው እንግዲህ። እጃቸው ይነጋገራል፣ አፋቸው ተዘግቷል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን እህትየዋ መርፌ አልነካችም። በመኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ከቅርስ ጥበቃ ቢሮ የመጣው ደብዳቤ ተዘርግቷል፤ አንድ ዓይነቱ በወንድሟም በር ሥር እንደገባ ታውቃለች። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ነው፤ በበራፉ ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለው። ጣሪያው ግን ሰሌዳ አያነብም፣ ያፈሳል። በእሷ በኩል ሦስት ሳፋ ተቀምጧል፤ ከወዲያ እንደሚሰማት ከሆነ በእሱ በኩልም ሁለት አለ። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ እሷ ሦስት ቀሚስ ሰፍታ የምታገኘው ነው፤ ጣሪያው ደግሞ መቶ ቆርቆሮ ይበላል። በደብዳቤው ቢሮው ጣሪያውን በሙሉ በራሱ ወጪ እጠግናለሁ ይላል። ግን ሳሎኑ እንደ መጀመሪያ አሠራሩ አንድ መሆን አለበት፤ ግድግዳው ይነሳ፤ ሁለቱ ወራሾች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ የቢሮው መሐንዲስ እያየች ይፈርሙ። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ካልሆነ ጥገናው በተራ ለሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ባለፈው የመጣው ባለሙያ ጣሪያውን የተሸከመውን የመሃል ወራጅ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ ይህ እንጨት አንድ ክረምት አይደግምም፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ይታሸጋል ብሎ ሄዷል። ቢታሸግ ወዴት ይኬዳል? በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ የሰው ቤት ልትከራይ ነው? ያ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ከነጥቃቅን ጉጠቱ የት ይደርሳል?

ስለዚህ ማናገር አለባት። እሱ እንደማይጀምር ታውቃለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን በምን ይጀመራል? ዳቦዋን እየቆረሰች በሹክሹክታ ሞከረችው። ጋሼ እንዴት ከረምክ ብትል ከመንገድ የመጣ እንግዳ አስመሰለችው። የጣሪያው ጉዳይ እንዴት ነው ብትል ተከራይ መሰለች። ደብዳቤው ደረሰህ ወይ ብትል ፖስተኛ ሆነች። ሁሉንም ከሻዩ ጋር ዋጠችው።

ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ያኔ፣ የአባታቸው ሐዘን ሳይወጣ፣ አንድ ደላላ ቤቱን እያየ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ፣ ወንድምሽ ለመሸጥ ተስማምቷል፣ ገዢው አፍርሶ ባለ ስምንት ፎቅ ሊሠራበት ነው፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ አላት። ወንድሟን ሄዳ አልጠየቀችውም። እውነት ነው ቢላት ምን ትመልሳለች? በማግስቱ ጨርቅ ልገዛ ነው ብላ ወጥታ ቅርስ ቢሮ ሄደች፤ ቤቱ እንዲመዘገብ ማመልከቻ ጽፋ ሰጠች። የተመዘገበ ቤት አይፈርስም። በሁለተኛው ወር ሁለት ሰዎች መጥተው ሰሌዳውን መቱ። ወንድሟ ከሱቁ ወጥቶ ሰሌዳውን አነበበ፣ ደጋግሞ አነበበ፣ እሷን ሳያያት ተመልሶ ገባ። ያን ጊዜ አበቃልኝ አለች፤ አወቀብኝ፣ ሽያጩን ያፈረስኩበት እኔ መሆኔን አወቀ። በሳምንቱ፣ ሳሎኑን ብንከፍለው አይሻልም ወይ አላት። ይሻላል አለችው። የመጨረሻው ንግግራቸው ያ ነው። ግድግዳው ሲሠራ ለእሱ ሁለት ተኩል መስኮት፣ ለእሷ አንድ ተኩል ሲደርሳት፣ በኮርኒሱ መሃል ያለው የጄሶ አበባም ወደ እሱ ሲቀር፣ አፏን አልከፈተችም። ለሠራሁት ሥራ ይኼም ሲያንሰኝ ነው ብላ ተቀመጠች።

አራት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ‹‹ወይኔ ጉልበቴ››። እንግዳ መምጣቱን እህትየዋ በዚህ አወቀች። የዚያ ቤት ሰባተኛዋ ደረጃ ከሌሎቹ በሦስት ጣት ከፍ ትላለች፤ የቤቱ ሰው እግር ያውቃታል፣ ባዕድ ሁሉ ይሰናከልባታል። ስትከፍት መሐንዲሷ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ የሰካች፣ ዶሴ በብብቷ የያዘች ወጣት ሴት። ጉልበቷን እያሸች ትስቃለች። እህትየዋ ይቅርታ ልትጠይቃት ስትል፣ ተዪኝ እትዬ፣ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፣ በጨለማ የሚወጣ ሌባ እንዲደናቀፍና እንዲሰማ ነው፣ በዶሴው ላይ አንብቤ ነበር፤ አንብቤም ወደቅሁ አለች።

ያቺ ልጅ ቤት ስታይ ደስ ትላለች። ወንበር ቢሰጧት አልተቀመጠችም። የውጩን ግድግዳ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ነው፣ ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፣ ለዚህ ነው በበጋ የሚቀዘቅዘው አለች። የመስኮቱን መስታወት ጎንበስ ብላ አየችና ውስጡ ያሉትን አረፋዎች በጣቷ እየተከተለች፣ ይህ በሰው ትንፋሽ የተነፋ መስታወት ነው፣ እነዚህ አረፋዎች የአንድ ሠራተኛ ትንፋሽ ናቸው፣ ሰውየው ሞቶ ትንፋሹ እዚህ አለ አለቻት። እህትየዋ በዚያ መስታወት ሥር ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ አረፋዎቹን ቆሻሻ መስለዋት በጋዜጣ ስታሻቸው ኖራለች። ወደ ሰገነቱም ወጡ። በመከታው ላይ ያሉት አሥራ ሁለት የተፈለፈሉ እንጨቶች አንዱም ሌላውን አይመስልም፤ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ወፍ፣ አንዱ ማዕበል። ይህን ቤት ያሠራው የእናታቸው አያት የጨርቅ ነጋዴ ነበር። መሐንዲሷ እንደነገረቻት፣ ጠራቢው አንድ ዓይነት ነገር አሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ሰለቸኝ ቢለው፣ ነጋዴው እንዳሻህ አድርግ፣ እኔም የምሸጠው አንድ ዓይነት ጨርቅ አይደለም አለው ይባላል። እህትየዋ ሳቀች። ነገር ግን ድምፅ እንዳይወጣ በእጇ አፏን ይዛ ነው የሳቀችው፤ ኮምፔርሳቶው ስስ ነው፣ ወዲያ ይሰማል።

ተመልሰው ሲገቡ መሐንዲሷ ባለ ሁለት ቀለሙ መስኮት ፊት ቆመች። አረንጓዴውን አየች፣ ግድግዳው የቆመበትን ጠርዝ አየች፣ በጠርዙና በመስኮቱ መሃል ባለች ጣት በምታህል ክፍተት ወዲያ ያለውን ቡናማ አየች። እንዴት ነው የሚከፈተው ብላ ጠየቀች። እህትየዋ አስረዳቻት፤ ጠዋት እኔ፣ ሲመሽ እሱ። ሌላ ጊዜስ ስትላት፣ ሌላ ጊዜ የለም አለች። ከዚያ ዶሴውን በስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችና ከፈተችው።

‹‹እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀ አደራ ላፈርስ ነው። ቢሯችን ይቆጣኝ እንደሆነ ይቆጣ፤ ይህን መስኮት አይቼ ዝም ማለት አልችልም።››

ከላይ ያለው ወረቀት የራሷ የእህትየዋ ማመልከቻ ነው። ወዲያው አወቀችው፤ የመጨረሻው መስመር ‹‹እኔ መጻፌን ወንድሜ እንዳይሰማ አደራ›› ይላል። ፊቷ ጋለ። መሐንዲሷ ገለጠችና ከሥሩ ያለውን አሳየቻት። ይኸኛው ጽሕፈቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል በጉጠት የተቀመጠ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት እጅ ያለው ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው። መነጽሯን አደረገች።

‹‹ለቅርስ ጥበቃ ቢሮ›› ይላል። ‹‹እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ስለ ቤት ብዙ አላውቅም። እህቴ ቤቱን ለመሸጥ እንደተስማማች ደላላው ነግሮኛል። አልፈርድባትም፤ ሥራዋ ዓይን ይበላል፣ ማረፍ አምሯት ይሆናል። ቤቱ ግን የሚፈርስ ቤት አይደለም። መጥታችሁ እዩትና መዝግቡት። እኔ መጻፌን እህቴ እንዳትሰማ አደራ።››

ቀኑን አየች። ሰኞ ነው። የእሷ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የድሮው የቢሮ ሠራተኛ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈባት ቁራጭ አለች፤ ‹‹ሁለቱም እርስ በርሳቸው እንዳይሰሙ አደራ ብለዋል፤ ይጠበቅ›› ትላለች።

እህትየዋ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ደላላው አንዱን ወሬ ለሁለት ሰው ሸጦታል። ለእሷ ወንድምሽ ተስማምቷል፣ ለእሱ እህትህ ተስማምታለች። እሷ ሰሌዳው ሲመታ አወቀብኝ ብላ አቀረቀረች፤ ለካ እሱም እዚያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ አወቀችብኝ፣ ያሰበችውን ያፈረስኩባት እኔ ነኝ እያለ ነው ሳያያት የገባው። ሁለት ሌባ በአንድ ጨለማ ደረጃ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ባለቤት መስሎት ተደብቆ ዘጠኝ ዓመት። መጀመሪያ እንባዋ መጣ። ቀጥሎ ያን በቀይ የተጻፈ ቁራጭ ደግማ አነበበችና ሳቅ መጣባት። አሁን አፏን አልያዘችም። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ ሱቁን ያልከፈተው ሰውዬ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ያን ሳቅ ከሰማ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ተነሣችና ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታች።

ሰዓቱ ገና አምስት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ተንኳኩቶ አያውቅም። ከዚያ ነጠላ ጫማው መጣ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ እጅ ቡናማውን ክንፍ ትንሽ ገፋ አደረገው፣ መልሶ ሳበው፣ መቀርቀሪያውን ከፍ ዝቅ አደረገ። መሐንዲሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳቋን ዋጠች። እህትየዋ በራሷ በኩል አንገቷን በመስኮቱ አወጣችና ወደ ቀኝ ዞረች።

‹‹ጋሼ›› አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሽበታም ራስ በወዲያው ክንፍ በኩል ብቅ አለ። የማጉያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በአንድ መስኮት ሁለት ራስ፣ በመካከላቸው የግድግዳው ጠርዝ። ክርን ለክርን ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

‹‹ደላላው ምን ብሎህ ነበር?››

ሰውየው ወደ መንገዱ ተመለከተ፤ ከታች አንድ ጋሪ ያልፋል፤ ጋሪውን በዓይኑ ሸኘው።

‹‹ልትሸጭው ነው አለኝ።››

‹‹እኔንም አንተ ልትሸጠው ነው አለኝ።››

‹‹እኔ?››

‹‹አንተ። እኔም ፈርቼ ቢሮ ሄድኩ።››

ሰውየው የማጉያ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ አጣጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። ‹‹መቼ ነው የሄድሽው?››

‹‹ሐሙስ።››

‹‹እኔ ሰኞ ነው። ቀድሜሻለሁ።››

‹‹መቼ ሳትቀድም ቀርተህ ታውቃለህ? መስኮቱ ራሱ ካንተ ካልተጀመረ አይከፈትም።››

ያን ጊዜ ነው የሳቀው። የሳቁ አመጣጥ እንደ ቆመ ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ከዚያ መሥራት ጀመረ። ከታች አላፊው ሁሉ ቀና ብሎ ያይ ጀመር። ከሚያዩት አንዱ ያኔ ግድግዳውን የሠራው ሽማግሌ አናጢ ነው፤ ግድግዳው የሚነሳ ከሆነ የጄሶው አበባ እንዳይጎዳ እንዲያይልኝ ብላ እህትየዋ አስቀድማ ጠርታው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ እየመጣ ነበር። የሰፈሩ ሰው ‹ሴንቲሜትር› ይለዋል፤ አንዲት ሴንቲሜትር አትዛነፍብኝም ማለት ስለሚወድ። ሁለቱን ራሶች አንድ ላይ ሲያይ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ።

‹‹ምነው ልጆቼ፣ ቤቱ ሊወድቅ ነው እንዴ?›› ብሎ ጮኸ።

ገና ሊሠራ ነው አሉት። ወጣ፤ ሰባተኛዋ ደረጃ ላይ እንደ ልማዱ ተሰናከለ፤ እዚያ ቤት አርባ ዓመት ሲመላለስ ያቺን ደረጃ አንድ ቀን አልፏት አያውቅም።

ሁሉም በወንድምየው በኩል ገቡ። እህትየዋ ያንን ግማሽ ካየችው ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባታቸው ትልቅ አልጋ እንደ ድሮው ራስጌው የዳሩን ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩ ወደ ክፍሉ መሃል ወጥቶ ተኝቷል። በመደርደሪያው ላይ አሥራ ምናምን ሰዓት ይሠራል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የሚናገሩት። ቀና ብላ የጄሶ አበባውን አየችው። በልጅነቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ቅጠሎቹን የምትቆጥረው አበባ ነው፤ አሥራ ስድስት ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የተሰበረ። የተሰበረው ተጠግኗል። መቼ ብላ አልጠየቀችም፤ የእጅ ሥራው የማን እንደሆነ ያስታውቃል።

መሐንዲሷ ሳሎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲለካ ፈለገች፤ ለውሉ ያስፈልጋል። ሴንቲሜትር፣ ይህማ የኔ ሥራ ነው ብሎ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ጎንበስ ብሎ የሜትሩን ጫፍ የት አደረገው መሰላችሁ? የአልጋው እግር ላይ። ከአልጋው እግር ጀምሮ እየጎተተ ወደ ግድግዳው ሄደ።

መሐንዲሷ ጸጉሯ ውስጥ ያለውን እርሳስ አወጣች። ‹‹አባባ፣ አልጋው ያለበት ቦታ የሳሎኑ አይደለም?››

ሽማግሌው ቆመ። አልጋውን አየ። መስኮቱን አየ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየው፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሠራውን ግድግዳ።

‹‹ይኼ አልጋ ያኔም እዚሁ ነበር?›› አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እዚሁ ነበር። የማይንቀሳቀስ አልጋ ነው። ያኔም ከእግሩ ነው የለካው፤ አልጋው ሁለት ሜትር ነው፣ መሃሉም በአንድ ሜትር ወደ እሷ ተገፋ። ወንድምና እህት ተያዩ። እሱ ዘጠኝ ዓመት፣ ትልቁን ግማሽ የተወችልኝ እንካ ጥገበው ብላ ንቃኝ ነው ሲል ኖሯል፤ አበባውንም የጠገነው አንድ ቀን ብትገባ የሰው ሀብት አበላሸህ እንዳትለው ነው። እሷ ደግሞ ቀጣኝ ስትል ኖራለች። የቀጣትም የናቀውም ሰው አልነበረም፤ አልጋ ነበር።

‹‹ታዲያ ምን ላድርግ›› አለ ሴንቲሜትር፣ ሜትሩን እየጠቀለለ። ‹‹አራት ሰው ካልሆነ አይነሳም ነበር። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ።››

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጠን አለ። ወረቀቱ በአባታቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ተፈረመ፤ በመጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እሱ። ገና ሰባት ሰዓት ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊደርስ ብዙ ይቀረዋል። አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ ፈላ፤ ዛሬ ግማሹ አልተተወም፣ ሁሉም ተቀዳ። ሴንቲሜትር ኮምፔርሳቶውን ከመስኮቱ በኩል ጀምሮ በጥንቃቄ ነቀለው፤ ከኮርኒሱ ላይ አቧራ እንጂ ሌላ ነገር አልወረደም፤ ያንንም እሷ ጠረገች፣ እሱ ሳፋ ያዘላት። የመኝታ ነገር ሲነሳ ትንሽ ተፋፈሩ፤ በዚህ ዕድሜ እንዴት በአንድ ሰፊ ክፍል ይታደራል? መጋረጃ ተፈቅዷል አለች መሐንዲሷ፤ የሚሰቀልና የሚወርድ ነገር ቅርስ አይነካም። እህትየዋ ጨርቁን እዚያው ለካች፤ ከግድግዳው ነው የለካችው፣ ከአልጋው አይደለም፤ ይህንንም ሴንቲሜትር እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረችው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የመስኮቱ ቀለም አንድ መሆን አለበት፣ የትኛው ይሁን ብላ መሐንዲሷ ጠየቀች። ወንድምየው አረንጓዴ ይሁን፣ የእሷ ያምራል አለ። እህትየዋ የለም፣ ቡናማ ይሁን፣ የእሱ ነው ቆሻሻ የሚችለው አለች። እሱ አረንጓዴ፤ እሷ ቡናማ። ምንድነው እንዲህ ግትር የምትሆኚው፤ አንተስ ብትሆን? ድምፃቸው ከፍ አለ። ሴንቲሜትር ሻዩን ይዞ፣ ተመስገን፣ አሁን ገና ወንድምና እህት ሆናችሁ አላቸው። መሐንዲሷ ጥቂት አሰበችና በዶሴው ላይ ጻፈች፤ የጻፈችውንም አነበበችላቸው፤ ‹‹ከመንገድ ሲታይ ከግራ ሦስተኛው መስኮት፤ ሁለቱ ቀለሞች የቤቱ ታሪክ አካል ስለሆኑ ባሉበት ይጠበቁ።››

ከዚያ ሁለቱ እንግዶች ሄዱ። ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ በአራቱ መስኮቶች የገባው ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለሉን ሞላው። እህትየዋ በስፌት መኪናዋ የመጋረጃውን ጠርዝ ትቀመቅማለች። ወንድምየው ሰዓቱን አየ፤ መስኮት የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ተነሣ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ሄደ፣ እንደ ልማዱ ለማንኳኳት እጁን አነሣ። ግድግዳው የለም። እጁ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ግራ ገባውና የመስኮቱን መቃን ሁለት ጊዜ መታ።

እህቱ ከእሱ ሁለት እርምጃ ላይ ነች።

‹‹ሰማሁ ጋሼ›› አለች። ‹‹እዚሁ ነኝ።››

ተነሥታ አረንጓዴውን ክንፍ ዘጋች። እሱ ቡናማውን ደረበበትና መቀርቀሪያውን ቀጭ አደረገው።

ሻያችሁም አለቀ፣ ወሬውም አለቀ። አደራ የምላችሁ ትንሽ ነገር ናት። በመንገዳችሁ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ያለው አሮጌ ቤት ስታዩ ሰሌዳውን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። ቀና በሉና መስኮቶቹን እዩ። አንዱ ፊቱን በግማሽ የታጠበ መስሎ ከታያችሁ እነዚያን ሁለቱን አስታውሱልኝ። ቤታችሁ ስትገቡም ሳትጠይቁት የከረማችሁ ሰው ካለ፣ ጠይቁት።